የጀርሚስተን እንሰት

ዶክተር አልአዛር የግቢውን በር ሲያንኳኳ የቤቱ ባለቤት ክፍሉ በመስኮት አየው፤ አይቶም ወዲያው አልከፈተለትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ደጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው ትንሽ ቢቆም ምን ይሆናል? ይቁም። ከትናንቱ ዝናብ የተረፈው ጭቃ ከበሩ እስከ ጓሮ ተንጣሏል፤ ሰውየው ደግሞ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ መጥቷል። አጠገቡ ስልኳን የምትነካካ ወጣት ሴት ቆማለች። ክፍሉ የሸሚዙን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፈ፣ የበሩን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ እያወቀ ፈለገ፣ ከዚያ ወጣ።

«አንተ ክፍሉ! ጠፋህ እኮ!» አለ ዶክተሩ በሩ ገና ሳይከፈት።

ጠፋህ። ሰው የሚጠፋው ፈላጊ ሲኖረው ነው። ክፍሉ ይህን በሆዱ ያዘና «አለሁ ዶክተር፤ እርስዎ እንዴት ከርመዋል?» አለ። ክፍሉ ዶክተሩን በዕድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠዋል። እሱ «እርስዎ» ይላል፣ ዶክተሩ «አንተ» ይለዋል። ጆሃንስበርግ ላይ ሐበሻና ሐበሻ ሲገናኝ የሚቆጠረው ዕድሜ አይደለም።

ዶክተር አልአዛር የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በትልቅ ሆስፒታል ይሠራል፤ የመረዳጃ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም እሱ ነው። ወጣቷ ልጁ ናት፣ ዮአዳን። በሁለት ዓመቷ መጥታ እዚሁ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አየር ንብረት የምትማር።

«አንክል፣ እንሰቱን ማየት እንችላለን? ፕሊስ» አለች።

ወደ ጓሮ ወሰዳቸው። ሦስቱ እንሰቶች ከቤቱ ቆርቆሮ በላይ ወጥተው፣ ቅጠላቸው ከጎረቤት አጥር ተሻግሮ ቆመዋል። ልጅቷ ግንዱን እንደ ፈረስ አንገት ዳበሰችው።

«ይሄ እኮ እዚህ አገር ጫካ ውስጥ በራሱ የሚበቅል ነው፤ ታውቃለህ? ግን ማንም አይበላውም። ጋርደን ማሳመሪያ ነው።»

ያውቃል እንጂ! ከየት አመጣው? ከስምንት ዓመት በፊት ሰሜን ጆሃንስበርግ አንዲት ሀብታም ሴት ቤት አትክልተኛ ነበር። ከመዋኛው አጠገብ አንድ እንሰት ለጌጥ ተተክሎ ነበር፤ ቅጠሉ ውሃው ላይ እየወደቀ አስቸገረና «ነቅለህ ጣለው» አለችው። ነቀለው፤ አልጣለውም። ሥሩን በበቆሎ ዱቄት ጆንያ ጠቅልሎ ታክሲ ተሳፈረ። አንዲት ሴት «ባባ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለችው። «ምግብ» አለ። ታክሲው በሙሉ ሣቀ። ክፍሉ ጀርሚስተን ቤቱ ደርሶ አባቱ አገር ቤት ዱራሜ ላይ ሲያደርግ እንዳየው የሥሩን ልብ ፈልፍሎ አወጣ፣ አፈር ሞላበት፣ ቀበረው። በሦስተኛው ወር ዙሪያውን ችግኝ ፈላ። ሦስቱ ጸደቁ።

ዶክተሩ የመጣበትን ነገር ራሱ ሳይሆን ልጁ አስረዳች። የዘንድሮው የማኅበሩ ግብዣ ላይ የሚበላው ሁሉ ከመቶ ኪሎ ሜትር ወዲህ የበቀለ እንዲሆን ወጣቶቹ ጠይቀዋል። ጤፉ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ሁሉም። አንድ እንጀራ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ስንት ነዳጅ እንደሚነድ፣ ያ ጭስ ደግሞ ተመልሶ አገር ቤት ዝናቡን እንደሚያዛባው ነገረችው። ጥሩ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ ክፍሉ ግን ስለ ጭስ የሚመክሩት ሰዎች ሁልጊዜ መኪና እንዳላቸው ታዝቧል።

«እኔ ከአገሬ የመጣሁት በጭነት መኪና ነው» አለ። «ከማላዊ ወዲህ ሽንኩርት ሥር ተኝቼ። የኔስ ጭስ ስንት ነው?»

ዮአዳን ልትሥቅ አፏን ከፈተችና አባቷን አየች። አባቷ ጫማውን እያየ ነበር።

«ጤፍ እዚህም ይዘራል» አለ ዶክተሩ። «ግን ለፈረስ ነው፤ ፍሬ ሳይዝ ያጭዱታል። አንዱ ስብሰባ ላይ የፈረሱን ጤፍ እንጠቀም ቢል ሰዉ ሊደበድበው ነበር። እንግዲህ የኛ ምግብ ሆኖ እዚህ የሚበቅል…»

«ቆጮ!» አለች ልጅቷ። «ከጓሮ ወደ ጠረጴዛ። ዜሮ ትራንስፖርት!»

ቆጮ። ከነዚህ ቤት ይህ ቃል ወጣ።

ያኔ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ከዱራሜ የመጣ ሰው እናቱ የላከችለትን ቆጮ አድርሶለት ነበር። ለራሴ ብቻ አልበላም ብሎ፣ ቆራርሶ፣ ንጹሕ ጨርቅ አልብሶ ለማኅበሩ ግብዣ ይዞ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ገና ሲገልጠው ዶክተር አልአዛር አፍንጫውን ይዞ «ጎበዝ፣ የማን ጫማ ነው የወለቀው?» አለ። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። አንዱ ሳህኑን ወስዶ መስኮት ላይ አስቀመጠው። ክፍሉ ሳህኑን ከመስኮቱ አነሣ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በታክሲ ይዞት ተመለሰ፤ ሲበላው ሰነበተ። እናቱ በአራተኛው ወር ሞተች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዶክተሩ ረስቶታል። ዓይኑ ላይ ቅንጣት ታህል ነገር የለም።

«በስድስት ሳምንት ይደርሳል?» አለ ዶክተሩ።

«ይደርሳል።»

ክፍሉ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያ አፍ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት ይከፈትና የክፍሉን ቆጮ ያላምጥ። ከዚያ በኋላ ዓለም በጭስ ብትታፈንም ትታፈን።

ችግሩ ግን እነሱ ከሄዱ በኋላ መጣ። ክፍሉ እንሰት መትከል ያውቃል፤ ማዛወር፣ ማፍላት ያውቃል። ቆጮ ማውጣት አያውቅም። በአገሩ እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ ሲፍቁ ወንድ አጠገባቸው አይደርስም። ሰባት ዓመቱ ላይ በቅጠሉ መሀል አጮልቆ ሊያይ ሞክሮ አክስቱ በጭራሮ እግሩን ገርፋ አባራዋለች። ቆጮ ለሱ ሁልጊዜ ከጓሮ በሩ የሚመጣ ነገር ነበር። ከበሩ ወዲያ ምን እንደሚደረግ ወንድ አይጠይቅም።

የሚያውቅ ሰው ካለ ትሩፋት ናት። የዱራሜ አካባቢ ሴት ናት፣ ካትሌሆንግ የሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አላት። ክፍሉ ግን ከትሩፋት ጋር ለቅሶ ላይ ካልሆነ አይነጋገርም። እናቱ የሞተች ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ መጥቶ ሲቀመጥ እሷ አልመጣችም። ይህንንም ይዞታል። እንዲህ ያሉ ነገሮችን የሚያስቀምጥበት ቦታ ሰፊ ነው።

በማግሥቱ ሄደ። ትሩፋት ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ዳቦ እየደረደረች ነበር።

«ማን ሞተ?» አለችው ገና ስታየው።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለህ?»

ነገራት። ዳቦውን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማችውና ከት ብላ ሣቀች። «ሸተታችሁ ሲሉን የኖሩበት ቆጮ አሁን አየር ሊያጠራ?»

«ልጅቷ እንደዚያ ነው የምትለው።»

«እንሰቱ ያንተ ነው። ፋቂውስ?»

ክፍሉ መሬት መሬቱን አየ።

«አሃ! ለዚህ ነዋ። ስትፈልጉን ጊዜ መንገዱ አይጠፋችሁም።»

«እናቴ ስትሞት መንገዱ የጠፋብሽ አንቺ ነሽ!» አለ ክፍሉ። አሥር ዓመት ሲያላምጠው የኖረው ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

ትሩፋት ዳቦውን አስቀመጠች። «ያን ሳምንት ይህን ሱቅ ዘርፈውታል። ሦስት ቀን ኮርኒስ ላይ ተደብቄ፣ በፕላስቲክ እየሸናሁ ነው ያሳለፍኩት። አንተ መጣህ? ተርፋ ይሆን ወይ ብለህ ጠየቅህ?»

አልጠየቀም። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ አሁን ትዝ አይለውም። አንዲት ደንበኛ መጥታ በዙሉኛ «ሳውቦና ሲሲ» ብላ ሰላምታ ሰጠች፣ ትሩፋት «ዬቦ ማማ» ብላ ስኳር ሰጠቻት። ደንበኛዋ ስትሄድ ሁለቱም ድምፃቸው ደክሞ ነበር።

«ቅዳሜ ከቶኮዛ ሁለት ሴቶች ይዤ እመጣለሁ» አለች። «አንተ ግን ግቢው ውስጥ አትገኝም።»

«የኔ ቤት እኮ ነው።»

«ያንተ ቤት ነው፤ ማን ወሰደብህ? ዙርና ና።»

ቅዳሜ ክፍሉ ከገዛ ቤቱ ተባረረ። ጀርሚስተን ሐይቅ ዳር ሄዶ ተቀመጠ። ዳክዬዎቹን አየ፣ ሥጋ የሚጠብሱትን ሰዎች ጭስ አየ፣ ስለ አየር የሚያስብ አንድም ሰው አላየም። አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከአክስቱ ጭራሮ ወዲህ ባሕር የሚያህል አገር አቋርጦ፣ ዛሬም ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ወንድ ነው።

ሲመለስ ሁለቱ እንሰቶች የሉም። በቦታቸው በቅጠል የተሸፈነ፣ ድንጋይ የተጫነበት ጉድጓድ አለ። ትሩፋት ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች፤ ክንዷ እስከ ክርኗ አረንጓዴ ሆኗል።

«ይህ የኛ እንሰት አይደለም» አለች። «ዱር ነው። ቃጫው ብዙ ነው። እናቴ ብታየው ለከብት ነበር የምትሰጠው። ቢሆንም ይሆናል። ስማ ክፍሉ፦ የግብዣው ዕለት ጠዋት መጥቼ እኔ እከፍተዋለሁ። እስከዚያ ክዳኑ እንዳይነሣ። አየር ከገባው አለቀለት።»

«እሺ።»

«እሺ ማለት እሺ ነው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

ሁለት ቀን ቻለ። በሦስተኛው ቀን ከሻይ በፊት ጉድጓዱ አጠገብ ቆመ። ባይቦካስ? ዱር ነው አላለችም? ደግሞስ ይቺ ሴት በአሥር ዓመት ቂም ተነሥታ ሆን ብላ አበላሽታው ቢሆንስ? ለአዳራሹ ሰው መሣቂያ ሊሆን? አንዱን ድንጋይ አነሣ፣ ቅጠሉን በጣቱ ገለጥ አደረገ፣ አሸተተ፣ ወዲያው ዘጋው። ምንም አልነካም። በማግሥቱም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሆነ። ኮምጠጥ ያለው ሽታ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያ ከጓሮ በሩ ወዲያ የነበረው፣ እንዳያይ የተከለከለው የሴቶች ወገን ነው የሚሸተው። የእናቱ ቀሚስ ነው። ለአፍታ ብቻ ይቆይና ክዳኑን መልሶ፣ ድንጋዩን እንደ ነበረ አድርጎ ሥራው ይሄዳል።

ዮአዳን በየሳምንቱ ጽሑፍ ትልክለት ነበር። «አንክል፣ እንዴት ሆነ? ሁሉም እየጠበቀ ነው!» እሱም «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። ሁሉም እየጠበቀ ነው የሚለውን ግን ደጋግሞ ያነበው ነበር።

የግብዣው ዕለት ትሩፋት ማልዳ መጣች። ድንጋዮቹን አነሣች፣ የመጀመሪያውን ቅጠል ገለጠች። ጥቁር ነው። እጇን አስገብታ ዘገነች፤ እንደ ንፍጥ ተዝለገለገ። ክፍሉ ከጀርባዋ ቆሞ ሽታውን ሰማ። ይህ የእናቱ ቀሚስ አይደለም። ይህ የሞተ አይጥ ነው።

ትሩፋት ዘወር አላለችም። «ስንት ጊዜ ከፈትከው?»

«አንድ ጊዜ።»

«ክፍሉ።»

«ሁለት… ሦስት።»

«አንተ ሰውዬ!»

«በየቀኑ» አለ። «ጠዋት ጠዋት።»

እንድትሰድበው ጠበቀ። ስድብ ቢሆን መልስ አያጣም ነበር። እሷ ግን ባልዲው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። «ሁለት ሳምንት ክንዴ አልታጠፈልኝም ነበር» አለች። «ለምን?»

«አላመንኩሽም።»

ይህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ፣ የሽታውን ነገር፣ ሊነግራት አፉ አልተፈታም።

ትሩፋት ተነሥታ የተበላሸውን በእጇ ወደ ጎን እየገፋች ወደ ታች ቆፈረች። ከጉድጓዱ ግርጌ፣ አንዱ ጥግ ላይ፣ አየሩ ያልደረሰበት ነጭ ተገኘ። ሁለት ዳቦ ቢያህል ነው። ለአዳራሽ ሙሉ ሰው የታሰበው ቆጮ ይኸው።

ክፍሉ ስልኩን አነሣ። እንዲህ ያለ ነገር ለሌላ ሰው አይተውም፤ ውርደቱን ራሱ ነው የሚያደርሰው።

«ዶክተር፣ ቆጮው ተበላሸብኝ።»

«ውይ! አይዞህ፣ አይዞህ፣ ምንም ችግር የለም!» አለ ዶክተሩ። ከጀርባው ወንበር ሲጎተት ይሰማል። «ምግብ እኮ አዘናል፤ ሩዝ በዶሮ። ቆጮውማ ለልጆቹ ፕሮግራም ለማሳየት ያህል ነበር። ብዙም አልተማመንንበትም ነበር፤ አትጨነቅ።»

«ሩዙ ከየት ነው የመጣው?»

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

ሰውየው በቅን ልቡ ነው የተናገረው። ክፉ ቢናገር ይሻል ነበር። ስድስት ሳምንት ሙሉ ክፍሉ በልቡ ያን አዳራሽ ሲያዘጋጅ፣ አዳራሹ ውስጥ ወንበር እንኳ አልያዙለትም።

ዮአዳን ቆጮውን ልትወስድ ትሪዎች በመኪናዋ ጭና ስትመጣ ረፋድ ሆኖ ነበር። ጉድጓዱን አየች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ስለ ሩዙ ሲነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ዳዲ ሩዝ አዘዘ? መቼ? አልነገረኝም!»

«ለኔም ዛሬ ነው የነገረኝ።»

«ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው…» አለችና ተወችው። ትሪዎቹን ከመኪናው አላወረደችም፤ እሷም ተመልሳ መኪናው ውስጥ አልገባችም። የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

ትሩፋት የተረፈውን ጨምቃ፣ ቃጫውን በቢላዋ ደጋግማ ከትፋ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ መጥበሻ ላይ ጋገረችው። ከማዕዘኑ ላይ ጎመን በእስር ከምትሸጠው ሴት ጎመን ገዙ። አይብ ስለሌለ ትሩፋት አማሲ የሚባለውን የዚህን አገር እርጎ አሞቀችና አይብ አወጣችበት። «ይኸው» አለች፣ «አውሮፕላን ያልወጣ ምሳ።» ሦስቱም ደረጃው ላይ ሳህን መሀላቸው አድርገው በሉ።

ዮአዳን የመጀመሪያውን ጉርሻ ረጅም ጊዜ አላመጠችው።

«አንክል፣ እውነቱን ልንገርህ? ሽታው ከባድ ነው።»

የትሩፋት እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። ክፍሉን አየችው። ክፍሉም ራሱን ጠበቀ፤ ያ ቆጮው ሲነካ ሁልጊዜ የሚመጣው ቂም ከሆዱ እስኪነሣ። አልተነሣም። እንዲሁ ደክሞት ይሁን፣ ልጅቷ ፊቱን እያየች ስለ ተናገረች ይሁን፣ አላወቀም።

«አዎ፣ ይሸታል» አለ።

«ይመራልም» አለች ትሩፋት። «ዱር ነው ብያለሁ እኮ፤ ማን ሰማኝ?»

«ትንሽ ጨምሪልኝ እስቲ» አለች ዮአዳን።

ስልኩ የጮኸው ሳህኑ ላይ ሁለት ቁራሽ ሲቀር ነው። ዶክተር አልአዛር ነበር። አዳራሹ መሙላት ጀምሯል፤ ሙዚቃው ይሰማል።

«ክፍሉ፣ ዮአዳን ትንሽ ተርፏል ብላ ጻፈችልኝ። ተቆጥታኛለች መሰለኝ። ባክህ ለኔ አንድ ቁራሽ አስቀርልኝና አንተም ና። የእውነቴን ነው የምልህ፤ በሕይወቴ ቀምሼው አላውቅም። ሰዉ ፊት ብቀምሰው ለልጆቹም ጥሩ ነው።»

ክፍሉ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቁራሾቹን አየ። በሕይወቱ ቀምሶት አያውቅም። ሳይቀምሰው ነው ያን ሁሉ ያለው። አሁንም ይኸው፣ ክፍሉ ሲመኘው እንደኖረው፣ ያው ሰው በሰው ፊት ልብላልህ ብሎ ለምኖታል። ተነሥቶ ሸሚዝ ቀይሮ መሄድ ብቻ ነው የቀረው። ዶክተሩ ያላምጣል፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ «ግሩም ነው!» ይልና ወደ ሩዙ ይዞራል። ክፍሉም ከጎኑ ቆሞ፣ ለምን እንደመጣ ከሱ በቀር የሚያውቅ ሳይኖር፣ ፈገግ ይላል።

ትሩፋት ክንዷን እያሻሸች ታየዋለች። ዮአዳን ጣቷን ትልሳለች።

«አልቋል፣ ዶክተር» አለ ክፍሉ።

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ። መልካም ግብዣ ይሁንላችሁ።»

ስልኩን ዘጋው።

«ውሸታም!» አለች ትሩፋት፣ አንዱን ቁራሽ አንሥታ እየጎረሰች። ሌላውን ወደሱ ገፋችለት። «በል ጨርሰው፤ ቃልህ እውነት ይሁን።»

ጠግቦ ነበር። ቢሆንም ጎረሰው። እንደተባለውም ይመራል፤ ቃጫው ጥርሱ መሀል ገባ። ክብሪት ሰብሮ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ ዶክተሩን የነፈገበት ደስታ አሁን ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል እያለ ጠበቀ። ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ላይ ዞራ ደረጃው ጥላ ሆነ። ትሩፋት ሱቋን ልትከፍት ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች፤ ዮአዳን ካትሌሆንግ ላድርስሽ አለቻት። ክፍሉ የባዶውን ሳህን ጠርዝ ይዞ፣ ክብሪቱን በጥርሱ ነክሶ፣ እዚያው ተቀምጦ ቀረ።